ከዳሱ ጫፍ

ቆቦ ውስጥ ሰርግ ቤት ስትገባ የት እንደምትቀመጥ የሚነግርህ የለም። አሳላፊው «ግቡ፣ ግቡ» ይልሃል እንጂ ወዴት እንደሆነ አይጨምርም። ዳሱ ግን የራሱ ሥርዓት አለው። ከውስጥ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ካህናቱና ሽማግሌዎቹ፤ ከነሱ ዝቅ ብሎ የድሮ ቤት ልጆች፣ የአባታቸው ስም ሲጠራ ማንም «የትኛው?» የማይላቸው፤ ከዚያ ነጋዴው፣ አስተማሪው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፤ ከመግቢያው አጠገብ፣ ሕፃንና ውሻ በሚተላለፍበት፣ የቀረው ሰው። እኔ በእናቴ የድሮ ቤት ልጅ ነኝ፤ በአባቴ ደግሞ ደብተሩን ይዞ ከሌላ አገር የተመደበ አስተማሪ ልጅ። ስለዚህ መካከል ላይ ተቀምጬ ነው ያደግሁት። ሁለቱንም ጫፍ ለማየት ይመቻል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ አካባቢ አንድ ሰርግ ላይ በሽንኩርት የከበረ ሰው መጣ። ስሙን አልጠራም፤ ልጆቹ አሉ። አዲስ ሱፍ ለብሶ፣ ከላዩ ነጭ ጋቢ ደርቦ፣ ከመግቢያው ሳይቆም ቀጥ ብሎ ወደ ውስጠኛው አግዳሚ አመራ። አምስት ሰው በሚይዘው አግዳሚ ላይ የነበሩት ሦስት ናቸው። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። አንደኛው አዛውንት ከዘራቸውን ከጎናቸው አጋደሙ፣ ሌላኛው ጋቢያቸውን ዘርጋ አድርገው ተመቻቹ፣ አግዳሚው ሞላ። ሰውዬው ሰላምታውን አዳርሶ፣ እንደ መጣ ተመለሰና ከነጋዴዎቹ መሀል ተቀመጠ። ለዚያ ድግስ ከታረዱት ሰንጋዎች አንዱን የሰጠው እሱ እንደነበር የሰማሁት ማታ፣ እናቴ ለጎረቤት ስትነግር ነው። «ሥጋውንማ በሉለት» አለች።

በራያ ቆላ የሀብት አመጣጥ እንደ ጎርፉ ነው። ቆቦ ራሷ ብዙ ዝናብ አታይም፤ ዝናቡ የሚጥለው በስተምዕራብ ካለው ደጋ ላይ ነው። ውሃው በጎሊና፣ በሆርማትና ክረምት ብቻ በሚያውቃቸው ፈፋዎች ወርዶ ሜዳው ላይ ይፈስሳል። ገበሬው ቦይ ቀዶ፣ እሾህና አፈር ደልድሎ ጎርፉን ወደ ማሽላው ይጠልፈዋል። ዘንድሮ ያንተን ማሳ በደለል ያደለበው ጎርፍ የጎረቤትህን ድንበር ጠርጎ ወደ አፋር ይወስደዋል። ደለሉ ከጊዜ ብዛት መሬት ይመስላል፤ ልጆች ይወለዱበታል፣ ዋርካ ይበቅልበታል፣ «ከጥንት የኛ ነው» ይባልበታል።

የአያቴ ቤት እንዲህ ካሉት አንዱ ነበር። አያቴ ግራዝማች የተባለ አባት ነበራት፤ የግራዝማችነቱ ነገር በየሳምንቱ ሳይነሳ አይቀርም። እንግዳ ሲመጣ ቡናው ሳይፈላ «የማን ልጅ ነህ?» ትላለች። መልሱን ሰምታ «አሃ» ካለች ጥሩ ነው፤ «እሺ» ካለች ግን እንግዳው ጠላ እንጂ ጠጅ አይቀርብለትም። ይህ ሁሉ ክብር ከየት እንደ ጀመረ ያወቅሁት ከሷ አልነበረም። አንድ ቀን ቧንቧ ላይ በወረፋ የተጣላቻት ጎረቤት «እናንተማ ለጣልያን ድንጋይ ፈልጣችሁ አይደል የከበራችሁት!» አለቻት። አያቴ እንስራዋን አንስታ ቤት ገባች፤ መልስ አልሰጠችም። አፏን የማትሰበስብ ሴት ዝም ስትል ነገሩ እውነት መሆኑን ገመትኩ።

እውነትም ነበር። መጋቢት 1928 ከማይጨው ጦርነት በኋላ ጣልያን አገሩን ሲይዝ ከደሴ በቆቦና በአላማጣ አልፎ ወደ ሰሜን የሚወጣውን መንገድ ለመኪና አበጀው። ለዚያ መንገድ ድንጋይ የፈለጠ፣ ጠጠር ያመላለሰ፣ ጋሪ የነዳ የራያ ሰው ደመወዝ የሚባል ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ጨበጠ። የአያቴ አባት በሊሬው በቅሎ ገዛ፤ በበቅሎዋ እህል ጫነ፤ ንጉሡ ከስደት ከተመለሱ በኋላ ደግሞ የጠገበ ነጋዴ የማዕረግ ስም ማግኘቱ እንግዳ ነገር አልነበረም። በዚያን ጊዜ የነበሩት የድሮ ቤቶች፣ በአባት መሬት የሚኮሩት፣ ስለ እሱ ምን ይሉ እንደነበር አሁን የሚያስታውስ የለም። እኔ ግን መገመት አያቅተኝም፤ እሱም አንድ ቀን ሦስት ሰው ከተቀመጠበት አግዳሚ ፊት ሳይቆም አልቀረም።

1967 መሬቱንም የከተማውን ትርፍ ቤትም ወሰደው። አያቴ በኪራዩ የምትተዳደርበትን ቤት ስታጣ ደርግን ረገመች፤ የምትኮራበትን ግን ማንም አልወሰደባትም። እንዲያውም ጨመረ። የሚከራይ ቤት የሌላት የግራዝማች ልጅ፣ የሚከራይ ቤት ካላት የግራዝማች ልጅ የበለጠ ስለ ግራዝማችነቱ ታወራለች።

ለአዲስ ሀብት የነበረው ጥላቻ ግን ሁሉም ከትዕቢት የመጣ አይደለም። የ1977 ትዝታ አለ። ኮረም ከኛ በላይ ተራራው ላይ ነው፤ ዓለም በቴሌቪዥን ያየው ረሃብ ለኛ የጎረቤት ነገር ነበር። ማሽላው ሁለት ዓመት ተከታትሎ ሳያሽት ሲቀር ሰው መጀመሪያ በሬውን፣ ከዚያ የጣሪያውን ቆርቆሮ፣ በመጨረሻ የሴት ልጁን የአንገት ማርዳ ሸጠ። የሸጠ ሰው ካለ የገዛ አለ። በጥቂት ቁና እህል ጥማድ በሬ የገዛው ማን እንደሆነ የማያውቅ የቆቦ ሽማግሌ የለም። ያ ሰው በኋላ ወፍጮ ተከለ፣ ለቤተ ክርስቲያን ጉልላት ሰጠ፣ ልጆቹን አስተማረ። «በሰባ ሰባት የከበረ» የሚለው ግን ከነልጆቹ ተከተላቸው። ድርቅ በሚመላለስበት አገር የአንዱ ትርፍ የሌላው በሬ ነው፤ ስለዚህ ሰው ድንገት ሲያልፍለት ከ«እንኳን ደስ ያለህ» በፊት «ከማን ላይ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። አያቴ ይህን ስትል ትዕቢት አይመስለኝም ነበር።

የሽንኩርቱ ሰውዬ ግን ከማንም ላይ አልወሰደም። እሱን ያከበረው ከመሬት በታች ያለ ውሃ ነው። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም በ1991 ከተቋቋመ በኋላ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ፓምፕ ተተከለ፣ ውሃ በቱቦ ማሳ ላይ መንጠባጠብና መርጨት ጀመረ። ሰማይን እያየ ያደገ ገበሬ ቧንቧ ከፍቶ ዘራ። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ። አይሱዙ መኪኖች ማሳው ዳር ድረስ መጥተው ወደ መቀሌ፣ ወደ ደሴ፣ ወደ አዲስ አበባ ጫኑ። ዋጋ በወደቀበት ዓመት ሽንኩርቱ ማሳ ላይ በሰበሰ፤ በወጣበት ዓመት ደግሞ ሰው በአንድ ምርት ቤት ሠራ። ሰውዬው ዕድለኛ ከሆኑት ነበር።

ገንዘቡን ምን እንዳደረገው ለማየት የሽንኩርት ቦታውን ማየት አያስፈልግም፤ ወገቡን ማየት ይበቃል። መጀመሪያ ክላሽ ገዛ። በራያ መሣሪያ የሌለው ወንድ ንግግሩ አጭር ነው። ቀጥሎ ባለ ፎቅ ቤት ጀመረ፣ ቀጥሎ ለአባቱ ተዝካር ደገሰ። አባቱ የሞቱት ገና እሱ ልጅ ሳለ ነው፤ ያኔ በሁለት እንስራ ጠላ ያለቀው ተዝካር ከብዙ ዓመት በኋላ በሰንጋ ተደገመ። አዝማሪም አስመጣ። አዝማሪው የተከፈለውን ያህል የሰውዬውን አያትና ቅድመ አያት እያነሳ አወደሰ፤ ከየት እንዳመጣቸው እንጃ። ሽማግሌዎቹ ግን በየስንኙ መሀል እየተያዩ ፈገግ ይሉ ነበር፤ ወርቁ የገባቸው እነሱ ናቸው። ሰውዬው በሰሙ ተደስቶ ብር በብር ላይ ለጠፈበት። በ1670 ፈረንሳዊው ሞልዬር ለንጉሡ ለሉዊ 14ኛ ያሳየው ቴአትር ላይ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ የሆነ ሀብታም መኳንንት ለመምሰል የዳንስ፣ የሙዚቃ፣ የጎራዴና የፍልስፍና አስተማሪ ይቀጥራል፤ ሁሉም እየበሉት ይስቁበታል። በቆቦ የዳንስ አስተማሪ የለም እንጂ የሚስቅስ ሞልቷል። እኔ ግን በዚያ ተዝካር ላይ ከሳቁት ይልቅ ለሰውዬው አዘንኩ፤ አባቱን በደንብ ለመቅበር ነበር የፈለገው።

በተመሳሳይ ዓመታት ሌላ ገንዘብ መጣ፣ የሪያል። ከቆቦ፣ ከሮቢት፣ ከጎብዬ ወጣቱ በሎግያ አድርጎ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከዚያ በእግር ወደ ሳውዲ ድንበር። ከአንድ ሰፈር ስንቱ እንደሄደ መቁጠር አቅቶን ነበር፤ ያልሄደውን መቁጠር ይቀልል ነበር። ባሕር የበላው በረሃም የበላው አለ፤ የደረሰው ጂዛን ላይ ፍየል ጠበቀ፣ ጅዳ ላይ ዕቃ ተሸከመ። በሀዋላ የላከው ብር ቆቦ ላይ ብሎኬት፣ ባጃጅ፣ ሱቅ ሆነ። ኅዳር 2006 ሳውዲ ወረቀት የሌላቸውን ማባረር ስትጀምር ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ፤ ቆቦም ድርሻዋን ተቀበለች። አንዳንዱ በፌስታል መጣ፤ ቀድሞ የላከ ደግሞ ባለ ቤት ሆኖ መጣ።

እነዚህ ከሽንኩርቱ ሰው ይለያሉ። ሽንኩርተኛው ሽማግሌዎቹ ወዳሉበት ለመግባት ይደክም ነበር፤ የሳውዲ ልጆች ግን መጀመሪያ ላይ ግድ ያላቸው አይመስሉም ነበር። ፀጉራቸው ሌላ፣ ሽቷቸው ሌላ፣ ስልካቸው ጮክ ያለ። ሰርጋቸው ከዳስ ወጥቶ ዲኮር ባለው ድንኳን ሆነ፣ ጄኔሬተር ተተከለ፣ ቬሎ ከደሴ በኪራይ መጣ። ሽማግሌዎቹ ጥሪ ካርድ ደርሷቸው ሲሄዱ ከፕላስቲክ ወንበር መካከል ውስጡና ጫፉ የማይለይ ድንኳን አገኙ። አንደኛው «የት ልቀመጥ?» ብለው የጠየቁት የዚያን ቀን ነው፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል።

ግድ አለመስጠቱ ግን ልጅ እስኪወለድና ድንበር እስኪያጣላ ነው። የመሬት ክርክር ሲመጣ፣ ወንድም ሰው ሲገድል፣ የደም እርቅ የሚይዙት ዘወልዶች ዘንድ መሄድ ግድ ይሆናል። አንዱ ተመላሽ፣ ሁለት ሱቅና ሲኖትራክ ያለው፣ በአንድ ሽምግልና ላይ ካሣውን ከኪሱ እንደሚከፍል ተናግሮ ነገሩን ቶሎ ለመጨረስ ጠየቀ። «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» የሚባለውን አምኖ ነበር። ሽማግሌዎቹ ብሩን አልናቁም፤ ግን ማን የማንን ዘመድ ከስንት ዓመት በፊት እንደገደለ፣ ማን ለማን እንደማለ፣ የትኛው ቤት ከየትኛው ጋር እህል እንደማይቀምስ ሲጠይቁት አላወቀም። እዚህ ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር ነኝ። የሽምግልና ወንበር የሚገኘው በመኖር ነው፤ ያልነበርክበትን አሥር ዓመት በካሽ አትከፍለውም። ችግሩ ይህን እውነተኛ ምክንያት ይዘው ሌላ ብዙ በር መዝጋታቸው ነው።

በር ካልኩ ስለ በረኛው ሳይሆን ስለ በር ሠሪው ልናገር። አዲሶቹ ቤቶች ሁሉ ትልቅ የብረት በር አላቸው፤ አንበሳ የተበየደበት፣ ንስር የተበየደበት፣ አንዱ ላይማ የመርሴዲስ ምልክት አይቻለሁ። አብዛኞቹን የሠራቸው አንድ የብየዳ ቤት ባለቤት ነው። በሽንኩርቱ ዘመን ጀምሮ፣ በሪያሉ ዘመን ሰፍቶ፣ ከሠራላቸው ከብዙዎቹ የበለጠ ሀብት ያፈራ፣ ረጋ ያለ ሰው። አያቱ ማረሻ ቀጥቃጭ ነበሩ። ይህ በኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ አላብራራም፤ «ቡዳ» የምትለዋን ቃል ማንም ፊት ለፊት አይናገራትም፣ ማንም ግን አይረሳትም። ማረሻውን ሠርቶ አገሩን ያበላ ሰው ዓይኑ ምግብ ላይ ሲያርፍ ይፈራል።

የዚህ ሰው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ከአንድ የሳውዲ ተመላሽ እህት ጋር ተዋደደ። ሽማግሌ ተላከ። እኔም አዲስ አበባ የምኖርና የተማርኩ ነኝ ተብዬ፣ ነገሩን ቀለል ያደርጋል በሚል፣ ከተላኩት አንዱ ሆንኩ። ያንን አንበሳ የተበየደበት በር ከፍተውልን ገባን፤ ቡና፣ ቆሎ፣ ጠላ። የልጅቱ ወንድም ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ስለ ጅዳ ሙቀት አወራን። ጉዳዩን ስናነሳ «እናስብበት» አለ። ይህ በኛ አገር እንቢ ነው። ስንወጣ በጆሮዬ «አያ፣ አንተ የተማርክ ነህ፣ ገንዘብማ ምን ችግር አለ፤ ግን አጥንቱን ታውቀዋለህ» አለኝ። እሱ ራሱ አንድ ጊዜ «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ መልስ ያጣ ሰው ነበር፤ አባቱ የሰው መሬት እኩል አርሶ ያደረ ገበሬ ነው። ለመግባት የደከመ ሰው ገብቶ መጀመሪያ የሚሠራው ነገር በሩን መሸጎር እንደሆነ ሲገባኝ ተናደድኩ፤ ንዴቴም ብዙ አልረባም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 በታተመው ፍቅር እስከ መቃብር ፊታውራሪ መሸሻ ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ዘር እየፈለጉ ሲያስረጇት ስናነብ የምንስቀው ፊታውራሪ ስለሆኑ ይመስለኛል። እዚህ ፊታውራሪ የለም፤ የሲኖትራክ ባለቤት ነው። ልጆቹ ደሴ ሄደው በማዘጋጃ ቤት ተጋቡ። ዳስ አልተጣለም።

ከሳውዲ ስለ ተመለሱት ሴቶች እስካሁን ያልተናገርኩት ነገሩ ሁሉ ለነሱ የከበደ ስለነበር ነው። ወንዱ ገንዘብ ይዞ ሲመጣ «ሰው ሆነ» ይባላል። ሴቷ ይዛ ስትመጣ «በምን አገኘችው?» ነው። ሁለቱም የሰው ቤት አገልግለዋል፤ ሁለቱም ተሰድበዋል፤ ያለ ደመወዝ የከረሙም አሉ። ጥያቄው ግን ለአንዷ ብቻ ነው የሚቀርበው። የእናቴ ጎረቤት ልጅ በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ በፓስፖርቷ ላይ ደግሞ በሃያ አራት ዓመቷ፣ ሪያድ ሄደች። ብሩን ለወንድሟ ትልክ ነበር፤ ወንድሟ ቦታ ገዛ፣ ቤት ሠራ፣ እዚያው ቤት ውስጥ ተሞሽሮ ሚስት አገባ። ካርታው በሱ ስም ነው። እሷ ስትመለስ የእንግዳ ክፍሉ ተሰጣት።

ቡና ላይ የሚወራው ሲበዛባት አንድ ጊዜ እናቴ ዘንድ መጥታ «እትዬ፣ እንደ ሰዉ ለመሆን ምን ላድርግ?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴ «አግቢ» አለቻት። መጥፎ ምክር ነበር፤ እናቴ ሌላ ምክር አልነበራትም። ልጅቱ ሳታገባ ቀበሌ ሄደች፣ ከዚያ ፍርድ ቤት። የላከችበትን የሀዋላ ወረቀት ሁሉ በኒዶ ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቅማ ነበር። ሽማግሌዎቹ መሀል ገብተው እኩል ተካፈሉ ሲሏት እንቢ አለች፤ ከወንድሟ ጋር እኩል መሆንን ለመቃወም የደፈረች ሴት ያኔ ነው ያየነው። «ዐረብ አገር አበላሽቷት» ተባለ። ቤቱ ተፈረደላት። ወንድሟን ግን አላስወጣችውም፤ ወደ እንግዳ ክፍሉ እሱ ገባ፣ ሚስቱም ልጆቹም። ይህን ለምን እንዳደረገች ጠይቄያት «የት ይሂድ?» አለችኝ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች፤ ነሐሴ 2014 ውጊያው ተመልሶ ቆቦ ላይ ጀመረ፤ ጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነቱ እስኪፈረም ድረስ ሰው በሁለት መካከል ኖረ። በነዚያ ወራት ባንክ ዝግ ነው፣ መብራት የለም፣ ስልክ የለም። የሽንኩርቱ ሰውዬ ባንክ ያለውን ብሩን በስሙ ብቻ የሚያውቀው ሆነ፤ ከድሮ ቤት ልጅ ኩንታል ማሽላ በዱቤ ወሰደ። አዲሱና አሮጌው ሀብታም የተቀራረቡት ያኔ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አላምንበትም፤ ችግር ሲያልፍ እያንዳንዱ ወደ አግዳሚው ተመለሰ። የሞተውን ግን አብረው ቀበሩ፤ ብዙ ነበር የሚቀበረው።

በጦርነቱ የሰፈሩ ቅሬ (እድር) ትልልቅ ድስቶች፣ ድንኳኑና አግዳሚዎቹ ጠፉ። ያለ ድስት ለቀስተኛ አይስተናገድም። መዋጮ ተጠየቀ፤ ሰው የለውም። ያቺ ከሪያድ የተመለሰችው ልጅ ወልድያ ሄዳ ድስቶቹን ገዛች፣ ድንኳን አስሰፋች፣ አግዳሚዎቹን ከብየዳ ቤቱ በብረት አሠራች። ባለ ብየዳ ቤቱ የእጅ ዋጋ አልጠየቃትም። ዕቃውን በተረከበ ቀን የቅሬው ጸሐፊ መዝገቡን ከፍቶ የሰጪውን ስም ጻፈ፤ የወንድሟን ስም። እኔ እዚያ ነበርኩ። ከጸሐፊው ትከሻ በላይ አንብባ «የኔን ጻፈው» አለችው። «ያው አንድ ቤት አይደላችሁ?» አላት። «አንድ ቤት ነን» አለች፤ «ቤቱ የኔ ነው»። ጸሐፊው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ አየ፤ ከነሱ አንዱ፣ ያኔ ከዘራቸውን አግዳሚው ላይ ያጋደሙት፣ «ጻፍላት እንጂ፣ ምን ታያለህ?» አሉት። የወንድሟን ስም በአንድ መስመር ሰርዞ ከሥሩ የሷን ጻፈ፣ ከአባቷ ስም ጋር። የወር መዋጮ የሚቆረጥባት አሁን በራሷ ስም ነው፤ ከቀብር ስትቀርም ቅጣቱን የምትከፍለው ራሷ ናት።